ያላሳቀው የደም መጣጮች ቧልት

በዚህ መጽሔት ላይ ስለ ሲኒማ ለመጻፍ ማሰቤን ስናገር አንዳንድ ባልንጀሮቼ «ስለ ትምህርት ጥቅም ብትጽፍ አይሻልህም?» ብለውኝ ነበር። ስለ ትምህርት ጥቅም ግን በየዓመቱ የሚጽፍ አይጠፋም። እኔ የምጽፈው ሰውን ለማሳቅ ተሠርቶ ስላላሳቀ አንድ ፊልም ነው። ነገሩ እኔንም ይነካኛል፤ እንዴት እንደሚነካኝ ወደ ኋላ እናገራለሁ።

ታላቅ እኅቴ ዘጠነኛ ክፍል ሳለች ታማ ብዙ ቀን አልጋ ላይ ውላ ነበር። በዚያን ጊዜ አንዲት ጓደኛዋ አሜሪካዊቱ ደራሲ ስቴፈኒ ሜየር የጻፈችውን «ትዋይላይት» የተባለውን ልብ ወለድ አዋሰቻት። መጽሐፉ የታተመው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2005 ነው (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ታሪኩን ለማያውቁ ወላጆች ባጭሩ ልናገር፤ ቤላ የተባለች ልጃገረድ ዝናም ወደማያባራባት ወደ ፎርክስ ከተማ መጥታ ከአባቷ ጋር ስትቀመጥ፥ በትምህርት ቤት ኤድዋርድ ከሚባል መልከ መልካም ወጣት ጋር ትዋደዳለች። ወጣቱ ግን ቫምፓየር፥ ማለት ደም እየመጠጠ የሚኖር የማይሞት ፍጡር ነው። ስለሚወዳት ደሟን እንዳይጠጣ ከራሱ ጋር ሲታገል ይኖራል። እኅቴ አራቱንም መጻሕፍት ጨረሰች፤ በ2008 የወጣውን ፊልም ደግሞ ስንት ጊዜ እንዳየችው ራሷም አታውቀውም። እኔም ታናሽ ወንድም ነኝና በዚህ ነገር ሳልቀልድባት የዋልሁበት ቀን ጥቂት ነው።

ባለፈው ክረምት «ቫምፓየርስ ሰክ» የተባለውን ፊልም ከአንድ ባልንጀራዬ አገኘሁ። ፊልሙ በ2010 ጄሰን ፍሪድበርግና አሮን ሴልትዘር የተባሉ ሁለት ሰዎች በትዋይላይት ለማላገጥ የሠሩት ነው። ስሙ ሰምና ወርቅ አለው፤ «ሰክ» በእንግሊዝኛ መምጠጥ ማለት ሲሆን በወጣቶች አነጋገር ደግሞ «አይረባም» ማለት ይሆናል። ለእኔ እንደሚመስለኝ ከፊልሙ ቀልድ ሁሉ የተሻለው ይኸው ስሙ ነው። እንግዲህ ዛሬ እኅቴ ታፍራለች ብዬ ኮምፒዩተሩን ከፍቼ አጠገቧ ተቀመጥሁ።

ፊልሙ ሰማንያ ደቂቃ ያህል ይፈጃል። በዚህ ሁሉ ጊዜ እኅቴ የሳቀችው ሁለቴ ወይም ሦስቴ ነው። እኔ ከልክ በላይ እየሳቅሁ ላሳፍራት ሞከርሁ፤ ከእኩሌታው በኋላ ግን ሳቁ ከጉሮሮዬ አልወጣ አለኝ። ሲያልቅ «ተናደድሽ?» አልኋት።

«ምን ያናድደኛል? እነዚህ ሰዎች መጽሐፉን አላነበቡትም። ቢያነቡት ኖሮ ከዚህ የበለጠ ያሳፍሩኝ ነበር» አለችኝ።

ይህ ንግግሯ ብዙ ቀን ሲያሳስበኝ ሰነበተ። ኋላ የሳቀችባቸውን ቦታዎች እንደገና አየኋቸው። ጄን ፕሮስኪ የተባለችው ተዋናይ በዋናው ፊልም ቤላን ሆና የተጫወተችውን ክሪስተን ስቱዋርትን ስትመስል ነው። ከንፈሯን መንከሷን፥ ዓይኗን ማርገብገቧን፥ ጠጉሯን መነካካቷን፥ አንድ ነገር ለመናገር ጀምራ መሐል ላይ መተዋን ሁሉ አጥንታ ይዛዋለች። ጥቂት ታጋንናለች እንጂ የሌለ ነገር አልፈጠረችም። እኅቴ የሳቀችው ያችን የምትወዳትን ልጅ ስላወቀቻት ነው።

የቀረው ግን ምንድር ነው? አንዱ ይመታል፥ ሌላው ይወድቃል፤ በዚያ ዓመት በአሜሪካ ስማቸው ይነሣ የነበሩ ዘፋኞችና የቴሌቪዥን ሰዎች ይጠቀሳሉ፤ ተመልካቹም ስሙን በመስማቱ ብቻ እንዲስቅ ይጠበቃል። ስም መጥራት ቀልድ ከሆነ የክፍል አለቃችን በየጥዋቱ ስም ሲጠራ በሳቅ ልንፈርስ ይገባን ነበር። ደግሞም የእነዚያን ሰዎች ወሬ ዛሬ ማን ያስታውሰዋል? እርግጥ ነው፥ በዋናው ታሪክ ትልቅ ተኵላ የሚሆነው ጄኮብ እዚህ ቺዋዋ የምትባለውን ትንሽ ውሻ ሲሆን እኔም ስቄአለሁ። ያ ቀልድ ከታሪኩ ከራሱ የወጣ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያስቆጨኝ በእጃቸው የነበረውን መተዋቸው ነው። ኤድዋርድ በ1918 በዓለም ሁሉ በተነሣው ወረርሽኝ፥ እኛ የኅዳር በሽታ በምንለው፥ ሊሞት ሲል ቫምፓየር የሆነ ነው። ያን ጊዜ ዕድሜው አሥራ ሰባት ዓመት ነበር፤ ከዚያ ወዲህም አሥራ ሰባት እንደ ሆነ ቀረ። ስለዚህ ከተወለደ መቶ ዓመት ያለፈው ሰው ደብተር ይዞ ባዮሎጂ ክፍል ይቀመጣል ማለት ነው! በዋናው ፊልም እንኳ እርሱና ወንድሞቹ እኅቶቹ በየጊዜው ሲመረቁ የደፏቸው ቆቦች ቤታቸው ግድግዳ ላይ ተደርድረው ይታያሉ። ዋናው ፊልም ከአላጋጮቹ ቀድሞ በራሱ ስቋል። እኛ ተማሪዎች ይህን ብናገኝ ስንት ነገር በጻፍንበት! ፈተናውን በቃሉ አያውቀውምን? መምህሩስ በፊት ያስተማረው ሰው የልጅ ልጅ ቢሆን? ፍሪድበርግና ሴልትዘር ግን እንዲህ ባለ ነገር ላይ ለመቆየት ትዕግሥት የላቸውም፤ የትዋይላይትን ታሪክ ደረጃ በደረጃ ተከትለው በየደረጃው አንድ ሰው ይጥላሉ።

በማላገጥ የተሳካላቸው እንዲህ አላደረጉም። ሜል ብሩክስ በ1974 «ያንግ ፍራንከንስታይን» የተባለውን ፊልም ሲሠራ እንደ ቀድሞው ጥቁርና ነጭ አደረገው፤ በ1931 በተሠራው በፍራንከንስታይን ፊልም ያገለገሉትንም የላቦራቶሪ መሣሪያዎች ፈልጎ አምጥቶ አሠራባቸው። የሚቀልድበትን ፊልም የማይወድ ሰው ለአሮጌ መሣሪያ ይህን ያህል አይደክምም። በ2014 ደግሞ ታይካ ዋይቲቲና ጀሜይን ክሌመንት በኒው ዚላንድ በሠሩት ፊልም ቫምፓየሮች በአንድ ቤት በጋራ ተከራይተው ሲኖሩ፥ አንዱ ለአምስት ዓመት ዕቃ ባለማጠቡ ይጨቃጨቃሉ። እኅቴ ይህን ስታይ ከወንበር ልትወድቅ ምንም አልቀራት። (በእኛም ቤት የዕቃ ማጠብ ተራ የሚያልፈው ማን እንደ ሆነ እናቴ ታውቃለች።)

አንድ ባልንጀራዬ «ፊልሙ ሃያ ሚሊዮን ዶላር ያህል ወጥቶበት ሰማንያ ሚሊዮን ያህል አስገብቷል፤ ሕዝቡ ከወደደው አንተ ማን ነህ?» ብሎ ተከራክሮኛል። ዳሩ ግን ሰው ትኬት የሚገዛው ከመሳቁ በፊት ነው። ያን ገበያ ያመጣላቸውም የትዋይላይት ዝና ይመስለኛል።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ለዓመቱ መዝጊያ በዓል የድራማ ክበባችን በአንድ መምህራችን ላይ የሚቀልድ አጭር ጨዋታ እንድጽፍ አዝዞኝ ስድስት ገጽ ጽፌ ነበር። በጽሑፌ መምህሩ ይጮኻሉ፥ ይደናቀፋሉ፥ ከወንበር ይወድቃሉ። ለክበቡ ሳነብ ሁለት ልጆች ለይሉኝታ ሳቁ። መምህራችን ግን ጮኸውም ወድቀውም አያውቁም። ጽሑፌ በማንም መምህር ላይ ሊለጠፍ የሚችል ሆነብኝ፤ እኅቴ ስለ እነዚያ ሰዎች የተናገረችው እኔንም አገኘኝ።

ከዚያ ወዲህ በመጨረሻው ረድፍ ተቀምጬ ልብ ብዬ አያቸው ጀመር። ከባድ ጥያቄ ሲጠየቁ መነጽራቸውን ያወልቃሉ፤ በከረባታቸው ጫፍ ቀስ ብለው ይጠርጉታል፤ መልሰው ሳያደርጉትም ሰሌዳው ላይ ይጽፋሉ፤ መስመሩም ወደ ላይ ይወጣል። ከስድስቱ ገጽ አምስቱን ቀድጄ ስለ መነጽሩ የሚናገረውን አስቀርቻለሁ። እርሳቸውም ይህን እያነበቡ ከሆነ በመዝጊያው ዕለት ከፊተኛው ወንበር እንዲቀመጡልን በትሕትና እለምናለሁ። እኅቴም እመጣለሁ ብላለች።