«እና» የምትባል ትንሽ ቃል

አንባቢ ሆይ፤ በመሥሪያ ቤትህ ደንብ አርቅቀህ እንደ ሆነ፥ አንዲት ቃል ስትለወጥ የነገሩ ሁሉ ፍች እንደሚለወጥ ታውቃለህ። ዛሬ የምንጨዋወተው እንዲህ ስላለች ቃል ነው፤ ይኸውም በካቶሊክ እምነት «መጽሐፍ ቅዱስ እና ትውፊት» ሲባል በመካከላቸው የምትቆመው «እና» ናት። ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር እንጽፈዋለን።

ትውፊት ማለት ሐዋርያት በቃላቸው ያስተማሩት፥ በኑሮና በጸሎት ያሳዩት፥ ቤተ ክርስቲያንም ከትውልድ ወደ ትውልድ ያስተላለፈችው ነው። ወንጌል ከመጻፉ አስቀድሞ ይሰበክ ነበርና ነገሩ እንግዳ አይደለም።

በ16ኛው ምእተ ዓመት ማርቲን ሉተር ተነሥቶ የእምነት የመጨረሻ ዳኛ መጽሐፍ ቅዱስ ብቻ መሆኑን ባስተማረ ጊዜ፥ የካቶሊክ ጳጳሳት በሰሜን ኢጣልያ በትሬንቶ ከተማ ተሰብስበው መከሩ። በመጀመሪያ የቀረበላቸው ረቂቅ፥ የወንጌል እውነት ከፊሉ በመጻሕፍት፥ ከፊሉ ባልተጻፈ ትውፊት ይገኛል የሚል ነበር። ሚያዝያ 8 ቀን 1546 በጸደቀው ቃል ግን «ከፊሉ፥ ከፊሉ» ወጥቶ በምትኩ «እና» ገባ። ለምን እንደ ተለወጠ ድንጋጌው አይናገርም።

ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው ትለኝ ይሆናል። «ከፊሉ፥ ከፊሉ» ከተባለ መጽሐፉ ጐደሎ ነው፤ የቀረውን ከሌላ ዘንድ መፈለግ ግድ ይሆናል። «እና» ከተባለ ግን እውነቱ በሁለቱም ዘንድ ሙሉ ሊሆን ይችላል፤ አንዱ የተጻፈው ቃል፥ ሌላው ያ ቃል የሚነበብበትና የሚኖርበት ሕይወት ይሆናል። ይሁን እንጂ ከትሬንቶ በኋላ ብዙ መምህራን «ከፊሉ፥ ከፊሉ» እንደ ጸደቀ አድርገው ለረዥም ዘመን አስተማሩ።

ክርክሩ በሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እንደ ገና ተነሣ። የተዘጋጀው ረቂቅ ስለ ሁለት የራእይ ምንጮች የሚናገር ነበር። ኅዳር 20 ቀን 1962 ድምፅ ሲሰጥ 1,368 አባቶች ረቂቁ ይቅር አሉ፤ 822 ደግሞ ውይይቱ ይቀጥል አሉ። ለማስቀረት ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልግ ነበርና ከመቶ ጥቂት የሚበልጥ ድምፅ ጐደላቸው። ነገር ግን ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ 23ኛ በማግሥቱ ረቂቁን አንሥተው እንደ ገና እንዲዘጋጅ አዘዙ። አዲሱ ሰነድ ኅዳር 18 ቀን 1965 በ2,344 ድምፅ ጸደቀ፤ የተቃወሙት 6 ብቻ ነበሩ። መጽሐፍና ትውፊት ከአንድ ምንጭ የሚፈልቁ መሆናቸውን፥ የቤተ ክርስቲያን የማስተማር ሥልጣንም የእግዚአብሔር ቃል አገልጋይ እንጂ የበላይ አለመሆኑን ይናገራል።

«ከመጽሐፉ በቀር ሌላ አልሻም» የሚል ሰው፥ የትኛው መጽሐፍ ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ ይቸግረዋል። መጽሐፍ ቅዱስ የራሱን መጻሕፍት ቈጥሮ አይዘረዝርምና። ዛሬ የምናውቃቸውን 27 የሐዲስ ኪዳን መጻሕፍት በ367 በደብዳቤው የዘረዘረው የእስክንድርያው ጳጳስ አትናቴዎስ ነው፤ ለእኛ አባ ሰላማን የሾመልን እሱ ነው። ካቶሊኮች 73፥ ፕሮቴስታንቶች 66፥ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን 81 መጻሕፍት ትቈጥራለች። ስለዚህ ትውፊት አንባቢውን ገና በመጽሐፉ ደጃፍ ይቀበለዋል።

በሌላ በኩል ደግሞ፥ ፒዮስ 12ኛ ኅዳር 1 ቀን 1950 የእመቤታችን በሥጋ ወደ ሰማይ መውጣት የእምነት አንቀጽ መሆኑን ባወጁ ጊዜ፥ ፕሮቴስታንቶች «ይህ የት ተጽፏል?» ብለው ጠየቁ። ነሐሴ በገባ ቍጥር ፍልሰታን ለሚጾም ያገራችን ሰው ጥያቄው ሩቅ አይደለም። ትውፊት ከመጽሐፍ ውጭ አንዳች ይጨምራል ወይስ አይጨምርም የሚለውን ጉባኤው ሳይቈርጥ ተወው፤ ብቻ ቤተ ክርስቲያን ስለ ራእይ ያላትን እርግጠኝነት ከመጽሐፍ ብቻ እንደማታገኝ ጨመረበት።

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ግን ይህ ነው፦ ትውፊትና ልማድ በምን ይለያሉ? የቺካጎው ካርዲናል አልበርት ሜየር በ1964 ለጉባኤው ሲናገሩ፥ ሰዎች የሚኖሩበት ትውፊት ጉድለት ሊገኝበት እንደሚችልና መጽሐፍ ሊያርመው እንደሚገባ አሳስበው ነበር። አሳባቸው በሰነዱ አልገባም። በኋላ ቤኔዲክቶስ 16ኛ የተባሉት ዮሴፍ ራትሲንገርም ይህን ጉድለት በማብራሪያቸው ነቅሰው አሳይተዋል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ ከጓደኞችህ ጋር «መጽሐፍ ወይስ ትውፊት?» የሚል ክርክር ሲነሣ፥ በቅድሚያ «ወይስ» የምትለዋን ቃል መርምራት፤ የካቶሊክ መልስ «እና» ነውና። ቀጥለህም «እና» የሚለውን ወገን ጠይቀው፦ ያረጀ ስሕተት ትውፊት ነኝ ብሎ ሲመጣ በምን ታውቀዋለህ? ይህን ጥያቄ ሳይቈጣ የሚቀበል ሰው ብታገኝ ከእርሱ ጋር መከራከር ይጠቅምሃል።