እግዜር የዘረጋው ኮረኮንች

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ከሴት ጓደኞቻችሁ መካከል ሳይክል መንዳት የምትችለው ስንቷ ናት? ቁጠሩ! እኔ ቆጠርኩ። ከአስራ አንድ ሁለት። ከሁለቱ አንዷ ባሕር ዳር ስላደገች አትቆጠርም (ባሕር ዳር አድጎ ሳይክል አልችልም የሚል ካለ እጁን ያውጣ)።

እኔ የቻልኩት በ23 ዓመቴ ነው። ያደግኩት አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ነው። ሰፈራችን የሚከራይ ሳይክል ነበረ። ወንድሜ ሲነዳ እኔ ከኋላ እየሮጥኩ እገፋለሁ። አንድ ቀን «ተራዬ ነው» ብዬ ወጣሁ። ሁለት ሜትር እንኳ ሳልሄድ አንዲት የሰፈራችን እትዬ «ውረጂ አንቺ! ነገ ባልሽ ምን ሊልሽ ነው?» ብለው ጮኹብኝ። ባልን ከሳይክል ጋር ምን አገናኘው ብዬ ግራ ገባኝ። ሳይክል ድንግልና ያጠፋል የሚባለውን ወሬ የሰማሁት በኋላ ነው። እናንተም ሰምታችኋል፤ አትሽኮርመሙ።

በመጨረሻ የተማርኩት ከከተማ ወጣ ብሎ፣ በሙዝ እርሻዎች መሃል በሚያልፍ የአፈር መንገድ ላይ ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት። ባጃጅ የለም፣ «ጎማሽ ይዞራል!» የሚል ጎረምሳ የለም፣ እትዬም የሉም። በሁለት ጠዋት ቻልኩ። ሁለት ጠዋት! ያን ሁሉ ዓመት የጠፋኝ ሳይክል መንዳት ሳይሆን የምነዳበት መንገድ ነበር ማለት ነው።

እናላችሁ ሰሞኑን ፈረንጆቹ «ግራቭል» ስለሚሉት ነገር ሳነብ ነበር። በእኛ ቋንቋ ኮረኮንች መሆኑ ነው። መሪው እንደ ውድድር ሳይክል ወደ ታች የታጠፈ፣ ጎማው ግን ወፈር ያለ፣ 40 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ሳይክል ይገዛሉ። ጎማውን አጥብቀው አይነፉትም፤ ለስለስ ሲል ጠጠሩን ውጦ ያልፋል፣ እጅም አያደነዝዝም። ከዚያ መኪና የሌለበት መንገድ ፍለጋ ይሄዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 አይስላንድ ውስጥ ሄክላ በሚባለው እሳተ ገሞራ አካባቢ፣ በጥቁር የላቫ ምድር ላይ 200 ኪሎ ሜትር የሚያስነዳ ውድድር ተጀመረ። ስሙ «ዘ ሪፍት»፣ ስምጡ ማለት ነው። ጎረቤታችን ኬንያ በ2021 በማሳይ ማራ የራሷን ጀመረች። እኛስ? ስምጥ ሸለቆው ውስጥ ቁጭ ብለን ባጃጅ እንጠብቃለን።

ሴቻ ጫፍ ላይ ቆማችሁ ወደ ታች እዩ። በግራ አባያ፣ ወተት የገባበት ቡና የመሰለው። በቀኝ ጫሞ፣ ሰማያዊው። ሁለቱን የሚለያቸው ሸንተረር የእግዜር ድልድይ ነው። የእሳተ ገሞራ ተመራማሪዎች አካባቢውን ቶሳ ሱቻ ብለው መዝግበውታል፤ ከምድር ሆድ ፈልቶ የወጣና የረጋ ባሳልት ነው። ከሲቀላ ተነስቶ፣ ደኑን አቋርጦ፣ በዚህ ድልድይ በኩል ወደ ነጭ ሳር ሜዳ የሚወስድ መንገድ አለ። መንገድ ካላችሁት! አንድ ጊዜ በላንድክሩዘር ሄጄበታለሁ፤ ጭንቅላቴ ስንት ጊዜ ጣሪያ እንደመታ አትጠይቁኝ። ዕድሜ ልኬን ከታች ሳየው የኖርኩትን ቦታ በመስታወት ውስጥ ሆኜ፣ አቧራ እየጠጣሁ አለፍኩት። እንዴት እንደተናደድኩ።

በነገራችን ላይ፣ ያ መንገድ በዓለም የታወቀበት አንድ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1990 ከካምብሪጅ የመጡ አጥኚዎች ነጭ ሳር ሜዳ ላይ፣ መንገድ ዳር የሞተ ወፍ አገኙ። በጨለማ ነፍሳት እያደነ የሚበላ ወፍ ነው (የሌሊት ወፍ አላልኩም)። መኪና ገጭቶት ሳይሆን አይቀርም ተባለ። አካሉ ስለተበላሸ አንድ ክንፉን ብቻ ይዘው ሄዱ። በ1995 በዚያች ክንፍ ብቻ አዲስ ዝርያ ተብሎ ለሳይንስ ተዋወቀ፤ ሳይንሳዊ ስሙ ላይም «ሶላላ» የሚል ተጨመረበት፣ ብቸኛ ክንፍ እንደማለት። አስቡት፤ ከዚያ ሁሉ ወፍ ሳይንስ በእጁ ያስገባው መኪና የተረፈውን ነው።

የእኔ ሐሳብ አጭር ነው። በሳምንት አንድ ጠዋት፣ እሁድ ይሁን፣ የእግዜር ድልድይ መንገድ ለሞተር ይዘጋ። ለእግረኛና ለሳይክል ብቻ ይሁን። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ብላ አስፋልቷን ለሰዓታት ዘግታ ልጆች አስሮጣበት የለ? ያውም ለስንቱ ታክሲ ተለዋጭ መንገድ ፈልጋ። እዚህ የሚዘጋው ጥቂት የቱሪስት መኪና ነው። በመጀመሪያው እሁድ ደግሞ የከተማው ሴት ተማሪዎች ይግቡ።

ጅቡስ? አዞውስ? ትሉኛላችሁ። ስካውት አብሮ ይሄዳል፤ ለመኪና የሚመደብ ስካውት ለሳይክል የማይመደብበት ምክንያት አይታየኝም። እንዲያውም ለእሱም ሳይክል ስጡት፣ ጠመንጃውን በጀርባው አዝሎ ሲነዳ ማየት እፈልጋለሁ። ድንጋዩ ሹል ስለሆነ ጎሚስታ ያስፈልጋል፣ ይህንን አምናለሁ። ሳይክሉን በተመለከተ ደግሞ የግራቭሉን ዋጋ ስሰማ ባጃጅ ይሻለኛል ብያለሁ። ያገለገለ የማውንቴን ሳይክል፣ ጎማው ትንሽ ተንፍሶ፣ ፍሬኑ ከያዘ ይበቃል።

የማልወደው ግን «ባዶ መሬት አገኘን» የሚለውን ወሬ ነው። መኪና የለም ማለት ሰው የለም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 የኮሬ ገበሬዎች ከዚያ ፓርክ እንዲነሱ ተደርገዋል፤ የጉጂ አርብቶ አደሮችም በሜዳው ከብት ሲያሰማሩ ኖረዋል። ሳይክል ይዘን ስንገባ እንግዶቹ እኛ ነን።

ደግሞም ኮረኮንች ውበት የሚሆነው በእግሩ ለማይሄድበት ሰው ነው። ወደ ጨንቻ የሚወጣው መንገድ እስከ ጫፉ አስፋልት ቢለብስ ደስ ይለኛል፤ ምጥ የያዛት ሴት በጠጠር ላይ እየተንገጫገጨች ትውረድልኝ አልልም። እኔ የምለምነው አንድ መንገድ፣ አንድ ጠዋት ነው።

ባለፈው ከሴቻ በላይ ባለው የእግር መንገድ ሳይክሌን እየገፋሁ ስወጣ እንጨት የተሸከሙ እናት አገኘሁ። ወገባቸው እጥፍ ብሏል። ቆም ብለው ሳይክሉን ከላይ እስከ ታች አዩት። «ባልሽ ምን ይልሻል» ሊሉኝ ነው ብዬ ስጠብቅ በጋሞኛ «ልጄ፣ ይሄ ነገር እንጨት ይሸከማል?» አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው። ሸክማቸውን አወረድን፣ ከኋላ መጫኛው ላይ በገመድ አሰርን፣ እኔ ፍሬኑን ይዤ እሳቸው ከኋላ እየደገፉ ቁልቁለቱን ወረድን። ሁለት ጊዜ ወደቀብን። ገበያው ጋ ስንደርስ እንጨታቸውን ፈትተው ወሰዱና ዞር ብለው፦

«ማክሰኞ ነው የምመለሰው» አሉኝ።