«አበሻ አብሮ መሥራት አይችልም» አትበሉኝ

መምህራን ክበብ ውስጥ ከቡናው እኩል የሚቀዳ አንድ ፍርድ አለ፦ «አበሻ አብሮ መሥራት አይችልም።» የሶሺዮሎጂ መምህር ነኝ፤ ይቺን ስሰማ ደሜ ይፈላል። ዕቁብ የሚጥል፣ በዕድር የሚቀባበር፣ በደቦ የሚያጭድ ሕዝብ፣ ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ሲደርስ ነው ባሕርዩ የሚለወጠው?

የራሴን ልንገራችሁ። ገንዘቡ ከውጭ የመጣ አንድ ጥናት ውስጥ ገባሁ። ሁለት ወር ገጠር ለገጠር ዞርኩ። «የቤቱ ኃላፊ ማነው?» የሚለው ጥያቄ ሴቶቹን ሁሉ የባላቸውን ስም ሲያስጠራቸው፣ «ጤፉ ይሸጥ የሚለው ማነው?» ብዬ የቀየርኩት እኔ ነኝ። የጥናቱ ዋና ግኝት የወጣው ከዚያች ጥያቄ ነው። ጽሑፉ ሲታተም ግን ስሜን ያገኘሁት ምስጋናው ላይ ነው።

«አበል ተከፍሎህ የለ እንዴ?» ይሉኛል። አዎ፣ ለእግሬ ተከፍሎኛል። ለጭንቅላቴስ?

ዕድገት የሚሰጠን በታተመ ሥራ ነው። እኔ በምሠራበት ቦታ ብቻህን ከጻፍክ ነጥቡ ሙሉ ነው፤ ከሌላ ጋር ከጻፍክ ይቀነሳል። ጠዋት ስለ ትብብር የሚሰብከን አመራር፣ ከሰዓት በኋላ ለተባበረ ሰው ነጥብ ይቀንሳል። በሌላ በኩል ደግሞ አንድ መስመር ያልጻፈ ኃላፊ ስሙ ከላይ ይሰፍራል። ማን ደፍሮ «ለምን?» ይበለው? የነገው ፕሮጀክት በእጁ ነው።

ገበሬው ከእኛ ይሻላል። በወንፈል ዛሬ ያንተ ማሳ ይታረሳል፣ ነገ የእኔ። ስንት ቀን እንደሠራሁልህ ሁለታችንም እናውቃለን። የሚያሠራን ፍቅር ብቻ አይደለም፤ ሒሳቡ ግልጽ ስለሆነ ጭምር ነው።

ለምርምርም ሒሳቡ ተገኝቷል። ክሬዲት በሚባለው አሠራር የሥራ ድርሻ በ14 ተከፍሎ፣ ማን ምን እንደሠራ ከጽሑፉ ጋር ይታተማል፤ ጥናቱን መንደፍ፣ መረጃ መሰብሰብ፣ መተንተን፣ ረቂቅ መጻፍ፣ ገንዘብ ማስገኘት ሁሉም ለየብቻው። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ይህን የዕድገት መመሪያቸው ውስጥ ያስገቡ፤ በጋራ የተሠራን ሥራም መቅጣት ያቁሙ።

እስከዚያው ግን ጀማሪ ተመራማሪ ሆይ፣ ቦርሳህን ከማንሳትህ በፊት ጠይቅ፦ ማን ይጽፋል? የማን ስም የት ይገባል? መረጃው በማን እጅ ይቀራል? መልሱን በጽሑፍ ተቀበል። ይሉኝታ አይያዝህ። እኔን ይዞኝ ነበር፤ ሁለት ወሬን ይዞብኝ ሄደ።