መደርደሪያ ጠፋ ተብሎ ሱቅ አይዘጋም

የዴቢያን ወይም የኡቡንቱ ኮምፒውተር ዲስኩ ሲሞላ ባለቤቱ ቦታ ፍለጋ ይገባል። «ካሽ» የሚል ፎልደር ያገኝና ሙልጭ አድርጎ ያጠፋዋል። በማግስቱ አዲስ ፕሮግራም ሊጭን ሲል፣ በተለይ ስሪቱ የቆየ ከሆነ፣ አፕት የተባለው ጫኚ «ማውረጃው ፎልደር የለም» ብሎ ቀጥ ይላል። ያኔ አዋቂ ነኝ ባይ ሁሉ «ማን ንካ አለህ?» ብሎ ይወርድበታል።

ወቀሳው ግን አድራሻውን ስቷል። የሊኑክስን የፎልደር አደረጃጀት የሚደነግገው ሰነድ (3.0 ስሪቱ የወጣው በ2015 እ.ኤ.አ. ነው) በቫር ስር ያለው ካሽ ቢሰረዝ መረጃ እንደማይጠፋ፣ ፕሮግራሙም በእጅ ከተደረገ ስረዛ ማገገም እንዳለበት ይናገራል። «ደንቡ ስለ ፋይሎቹ እንጂ ስለ ፎልደሩ አይደለም» የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። ይሁንና አዳዲሶቹ የአፕት ስሪቶች የጎደለውን ፎልደር ራሳቸው ይፈጥራሉ። የሚቻል ነገር ነበር ማለት ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። በአስተዳዳሪ ሥልጣን በቫር፣ ካሽ፣ አፕት ስር «አርካይቭስ»ን፣ በውስጡም «ፓርሻል»ን መልሶ መፍጠር፤ ከዚያ «አፕት አፕዴት» ማለት። ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር የሚጠፋ ከሆነ፣ ካሹ ዲስክ ላይ ሳይሆን ሜሞሪ ላይ ተቀምጦ እንዳይሆን ማየት ነው። የተጫኑ ፕሮግራሞች አይነኩም። ኪሳራው የወረዱት ጥቅሎች ዳግም ሲያስፈልጉ እንደገና ማውረድ ነው፤ ኢንተርኔት በሜጋባይት ለሚገዛ ሰው ግን ይህም ቀላል አይደለም።

እውነተኛው አደጋ ሌላ ቦታ ነው። ካሽ የሱቅ መደርደሪያ ነው፤ ቢሰበር ይሠራል። በቫር፣ ሊብ ስር ያለው «ዲፒኬጂ» ግን የዱቤ ደብተሩ ነው፤ ምን እንደተጫነ የተመዘገበው እዚያ ነው። እሱን ያጠፋ ሰው ሁለት ፎልደር ፈጥሮ አይገላገልም። ቦታ ለማስለቀቅ የተሠራው ትእዛዝ «አፕት ክሊን» ነው፤ ካገኙት ቦታ የተቀዳ የማጥፊያ ትእዛዝ ግን መደርደሪያውን ከደብተሩ አይለይም።

«የለም» ብሎ መቆም ሥራ አይደለም። የጎደለው ባዶ ፎልደር ብቻ ከሆነ ፕሮግራሙ ራሱ ይፍጠረው። ካልቻለም ምን መደረግ እንዳለበት በአንድ መስመር ይንገር። ተጠቃሚው ደብተሩን የሚያቃጥለው መደርደሪያውን የሚያሳየው ሲያጣ ነው።