ፊርማ የሌለው ሰው

«ደላላ» የሚለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ እንግዳ ነው። በአገሩ ሥሩ ማመልከት፣ ማሳየት፣ መንገድ መምራት ማለት ነው። ወደ አማርኛ ሲሻገር ግን ጎረቤት አልቀናውም፤ እኛ ዘንድ «ደለለ» ማለት ሸነገለ፣ በለዘበ አንደበት አታለለ ማለት ስለሆነ፣ መንገድ መሪውና ሸንጋዩ በአንድ ስም ተጠርተው እንዲኖሩ ተፈረደባቸው። በሰበታ፣ በቡራዩ ወይም በሱሉልታ ቤት ሲፈልግ የከረመ ሰው ሁለቱን ለመለየት ብዙም አይደክምም።

ሌላም አለ። የይዞታ ማረጋገጫውን «ካርታ» እንለዋለን፤ ጣልያኖች ወረቀት የሚሉበትን ቃል ወስደን ነው። ታዲያ በዚያው ስም ሌሊቱን ሙሉ ቁማር የሚጫወቱበትንም ካርታ እንጠራለን። «ውል» የምንለው ሰነድ ደግሞ የተጠቀለለ ክር ጫፍም ስሙ ነው፤ እርሱ የጠፋበት ክር እንደማይፈታ ፈትሎ የማያውቅም ያውቃል። ዕድሜ ልኩን ያጠራቀመውን ገንዘብ ይዞ ቤት ልግዛ ያለ ሰው የሚገባበት ዓለም በእነዚህ ሦስት ቃላት ውስጥ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ይመስለኛል።

ስለ ደላላ ክፋት በየሻይ ቤቱ ይወራል፤ እኔ የምጨምርበት የለኝም። ለማለት የፈለግሁት ጠባብ ነገር ነው። ደላላው የሚናገረው ውሸትም ይሁን እውነት፣ ቃሉ በየትኛውም ወረቀት ላይ አይሰፍርም። ገንዘብ የሚቀበልበት ሥራ መናገር ሆኖ ሳለ፣ በተናገረው የማይያዝ ብቸኛው ባለሙያ እርሱ ነው።

ሦስቱ ከተሞች አዲስ አበባን ከሦስት አቅጣጫ ይከብቧታል። ሱሉልታ እንጦጦን ተሻግረው በጎጃም መንገድ፣ ቡራዩ በአሸዋ ሜዳ በኩል በአምቦ መንገድ፣ ሰበታ በዓለም ገና በኩል በጅማ መንገድ ይገኛሉ። በየራሳቸው ከንቲባና ማዘጋጃ ቤት ሲተዳደሩ ቆይተው በ2015 ዓ.ም. ከሌሎች ጎረቤቶቻቸው ጋር ሸገር ከተማ በሚል ስም ተጠቃለሉ። በአዲስ አበባ የቤት ኪራይ የተማረረ መምህር፣ ነርስ፣ ሾፌር፣ ልጇ ከዐረብ አገር ገንዘብ የምትልክላት እናት፣ ወደዚያ የሚወጡት አየሩን ወድደው አይደለም (የሱሉልታ አየርስ ይወደዳል)። አቅማቸው የሚደርሰው እዚያ ስለሆነ ነው። ሲደርሱ ደግሞ አምና ሣር የታጨደበት መስክ፣ ጤፍ የተወቃበት ማሳ በካስማ ተሸንሽኖ ይጠብቃቸዋል፤ ከካስማው አጠገብም ስልኩን በጆሮው የያዘ ሰው ቆሟል።

እዚህ ላይ ሕጉን ማስታወስ ግድ ይላል። የካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ተወረሰ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 19 ቀን የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ደግሞ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ሃያ ዓመት ቆይቶ፣ ሥርዓቱም ተለውጦ፣ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም አለ። ስለዚህ በሕግ ዓይን የሚሸጠው ቤቱ ነው። ይሁንና በሱሉልታ ዋጋ የሚጠራው በካሬ ነው፤ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት የቆመበት 200 ካሬና ያንኑ የመሰለ ሁለት ክፍል የቆመበት 400 ካሬ ዋጋቸው አንድ እንዳልሆነ ሕፃን ያውቃል። የምንገዛው አፈሩን፣ የምንጽፈው ጭቃ ቤቱን ነው።

ባዶ ማሳ ሲሆን ነገሩ ይብሳል። ሽያጩ ስጦታ ተብሎ ይጻፋል፤ ብድር ተብሎ ይጻፋል፤ አለዚያም በአንድ ሌሊት የቆርቆሮ ቤት ይቆምበትና ቤት ተሸጠ ይባላል። ሕዝቡ «ጨረቃ ቤት» ብሎ የሰየመው ይህንኑ ነው። አንድ ገበሬ ከሳምንት በፊት አይቶት ለማያውቀው ሰው መሬቱን «ስላለኝ ፍቅር» ሰጥቻለሁ የሚል ወረቀት አንብቤያለሁ። ካነበብኳቸው ልብ ወለዶች ሁሉ ደፋሩ እርሱ ነው።

በምናደርገውና በምንጽፈው መካከል ያለው ይህ ስንጥቅ ነው ደላላውን ያበቀለው። ስንጥቁ ባይኖር ደላላ ቤት የሚያሳይ ሰው ብቻ በሆነ ነበር። ስንጥቁ ስላለ ግን የትኛው መሬት በየትኛው ስም እንደሚጻፍ፣ የትኛው ቢሮ የትኛውን ወረቀት እንደሚያልፍ የሚያውቀው እርሱ ሆነ። የማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ በመስኮት ሊነግረን የሚገባውን እርሱ በሹክሹክታ ይሸጥልናል።

ስለ ቤት ግዢ ከተጻፉ ልብ ወለዶች የማልረሳው ቪ. ኤስ. ናይፖል በ1961 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን የአቶ ቢስዋስን ታሪክ ነው። ትሪኒዳድ የሚኖር ጋዜጠኛ ዕድሜውን በአማቶቹና በሰው ቤት ሲንከራተት ኖሮ፣ በመጨረሻ ከአንድ የጠበቃ ጸሐፊ ቤት ይገዛል። ሻጩ አንደበቱ ጣፋጭ ነው። ጉድለቱ አንድ በአንድ የሚታየው ከገቡበት በኋላ ነው፤ ደረጃው እንዲያ፣ መስኮቱ እንዲህ። ቢስዋስ ዕዳውን ሳይከፍል ይሞታል። ሆኖም የሚሞተው በገዛ ቤቱ ነው፤ የመጽሐፉም ክብር እዚያ ላይ ነው። የእኛ ገዢ ይህችን መጽናኛ እንኳ ላያገኝ ይችላል። ከእርሱ የሚደበቀው ጉድለት የደረጃና የመስኮት ቢሆን በታደለ ነበር፤ የሚደበቀው ቤቱ በመዝገብ ላይ መኖር አለመኖሩ ነው።

ደላላው ምን ይላል? «ካርታው እየወጣ ነው።» «ከአስፋልት አምስት ደቂቃ ነው።» «ቢሮ ውስጥ የኛ ሰው አለ።» «ሌላ ገዢ ጠዋት ቀብድ ይዞ ይመጣል፣ እኔ ለእርስዎ ብዬ ነው።» ይህችን የመጨረሻዋን ያልሰማ ቤት ፈላጊ ካለ ገና ከቤቱ ያልወጣ ነው። ዋጋም ሲነገር የሻጩን ዋጋ የሚያውቀው እርሱ ብቻ ነው። ሻጩ «ለእኔ ይህን ያህል አስገቡልኝ፣ ከዚያ በላይ ያለው የናንተ» ካለው፣ በተለምዶ ከሚቀበለው 2 በመቶ ሌላ በመካከል ያለው ልዩነት ወደ እርሱ ይገባል። ገዢው ዋጋ ያስቀንስልኛል ብሎ የሚለምነው ዋጋው በጨመረ ቁጥር የሚጠቀመውን ሰው ነው።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ይሁን፣ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት ይመዝገብ ይላል። በ1999 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ይህን ቃል አጥብቆ ተረጎመና፣ ያልተመዘገበ የቤት ሽያጭ ውል አይጸናም አለ፤ በኋላ የመጡ ውሳኔዎች በአንዳንድ ረገድ አለዝበውታል። በሻይ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተጽፎ በሦስት ምስክር የታሰረ ወረቀት ይዞ ሚሊዮን ብር የከፈለ ሰው ምን ላይ እንደቆመ ከዚህ መገመት ይቻላል። በውክልና የሚገዛውም ከዚህ ብዙ አይሻልም፤ ውክልና ይሻራል፣ በመሠረቱም ሰጪው ሲሞት አብሮ ይቀራል።

ያን ወረቀት ግን ልብ ብላችሁ አንብቡት። ሻጭ አለ፣ ገዢ አለ፣ ምስክሮች አሉ። ሻጭና ገዢን ያገናኘው፣ ዋጋውን የቆረጠው፣ ካርታው እየወጣ ነው ያለው ሰው የት አለ? ወይ ከነጭራሹ የለም፤ ወይ ደግሞ ከምስክሮቹ መካከል ተቀምጧል፤ መንገደኛ ይመስል ሲዋዋሉ አየሁ ብሎ። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚል ሕዝብ የትልቁን ግዢውን ግማሽ በቃል ትቶታል።

ይህ መዘንጋት ምን እንደሚያስከፍል አይተናል። በየካቲት 2011 ዓ.ም. በለገጣፎ ለገዳዲ ሕገ ወጥ የተባሉ ቤቶች መፍረስ ሲጀምሩ፣ ነዋሪዎቹ ግብር የከፈሉበትን ደረሰኝ፣ የመብራትና የውኃ ቢላቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመው ነበር። በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ከተመሠረተ በኋላ በነዚሁ ዙሪያ ከተሞች ብዙ ቤቶች ፈረሱ፤ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም ስለ አፈራረሱ ድምፁን አሰማ። ስለ አስተዳደሮቹ ውሳኔ ብዙ የሚባል አለ፤ ለዓመታት ቆጣሪ ሲያስገባና ግብር ሲቀበል የኖረ መንግሥት ድንገት አላውቃችሁም ማለቱ እኔን አይገባኝም። በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል ግን አንድ ዝምታ ነበር። ሹሙ መግለጫ ሰጠ፣ ገዢው አለቀሰ፣ ገበሬው የሸጥሁት አንድ ጊዜ ነው አለ። ደላላው አልተጠራም፤ የሚጠራበት ወረቀት አልነበረምና።

አንድ ጡረተኛ መምህር ወዳጅ አሉኝ። ሰበታ ላይ ቤት ሊያዩ ሲሄዱ አብሬያቸው ነበርኩ። ደላላው ጨዋ፣ ፈጣን ወጣት ነው፤ ግቢውን እያዞረ ሲያሳየን አፉ አላረፈም። ሲጨርስ መምህሩ ከደረት ኪሳቸው ወረቀትና እስክሪብቶ አወጡ።

«ልጄ፣ ይህን የነገርከኝን እስቲ ጻፍልኝ።»

«የቱን፣ ጋሼ?»

«ካርታው በሻጩ ስም እንደሆነ፤ ዕዳና እግድ እንደሌለበት፤ ለሌላ ሰው እንዳልተሸጠ። ሦስት መስመር ነው። ከሥሩ ስምህን።»

ወጣቱ ሳቀ። ሳቁ የንቀት አልነበረም፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰምቶ ስለማያውቅ ነው።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ አገናኝ ነኝ። ሻጩን ይጠይቁት እንጂ።»

«ኮሚሽኑንስ ለማን ነው የምከፍለው?»

«እርሱማ የድካሜ ነው።»

«የምን ድካም? የእግርህ ከሆነ የታክሲ ልስጥህ። የቃልህ ከሆነ ጻፈው።»

አልጻፈም። መምህሩም አልገዙም። ቤቱ ንጹሕ ሆኖ ሊሆን ይችላል፤ ልጁም እውነቱን ይሆናል የነገረን። ሆኖም ያ ልጅ ለሁለት ሰዓት ያህል ስለ ካርታ፣ ስለ ዕዳ፣ ስለ ጎረቤት፣ ስለሚመጣው አስፋልት ሲናገር ቆይቶ፣ ሦስት መስመር ጻፍ ሲባል የማያውቅ ሰው ሆነ።

ፍርዱ ሚዛናዊ እንዲሆን የእርሱንም ወገን ማንሣት ይገባል። በእነዚህ ከተሞች ከሚደልሉት ወጣቶች አንዳንዶቹ የአባታቸው ማሳ የተሸነሸነባቸው የገበሬ ልጆች ናቸው። አባት በካሬ ጥቂት ብር ተቀብሎ የለቀቀው መሬት ሁለትና ሦስት እጅ ሲያልፍ ልጁ ቆሞ አይቷል፤ ማረሻው ሲቀር የተረፈለት ሙያ ያንኑ መሬት ለሌላ ሰው ማሳየት ነው። ይህን ልጅ ሌባ ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ደግሞም «ይህንን አይግዙ፣ ነገር አለበት» ብሎ የገዛ ኮሚሽኑን የሚያጣ ደላላ አለ፤ አይቻለሁ። የሚያሳዝነው፣ እውነተኛው ከአታላዩ የሚለይበት ምንም ምልክት አለመኖሩ ነው። ሁለቱም ይናገራሉ፣ ሁለቱም አይፈርሙም።

ብዙዎች መፍትሔው ፈቃድ ነው ይላሉ። ፈቃድ ይኑር፤ የቀድሞው የ1952ቱ የንግድ ሕግም ቢሆን ደላላን ያውቀው የነበረው ሰዎችን አገናኝቶ የሚያዋውል ባለሙያ አድርጎ ነው። ነገር ግን ፈቃድ በግድግዳ ላይ የሚሰቀል ወረቀት ነው፤ ቃልን አያስርም። እንግሊዝ አገር ቤት ለመደለል ፈቃድ አያስፈልግም። በ1979 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕጋቸው ግን ደላላው በሚሸጠው ቤት ውስጥ የግል ጥቅም ካለው አስቀድሞ እንዲያሳውቅ ያስገድደዋል። ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ስለዚህ የምለው ይህ ነው፦ ከእያንዳንዱ የቤት ሽያጭ ውል ጋር ደላላው የተናገረው ተጽፎ፣ ከሁለቱም ወገን የሚቀበለው ገንዘብ ሰፍሮ፣ ፈርሞበት ይያያዝ። የሰነድ መዝጋቢው መሥሪያ ቤት ሻጭና ገዢን መታወቂያ ሲጠይቅ ሦስተኛውንም ሰው ይጠይቀው። አዋጁ እስኪወጣ መጠበቅም አያስፈልግም። ኮሚሽኑ ያለው በገዢው ኪስ ነው፤ ሳይፈርሙ አልከፍልም ማለት የሚከለክል ሕግ የለም። በተጻፈ ቃል የተጎዳ ሰው ፍርድ ቤት ይዞት የሚቀርበው ነገር ይኖረዋል፤ ቃሉ የእውነት የሆነ ደላላም ከዚያ በኋላ ስሙ የሚያበላው ሀብት ይሆንለታል።

በጨረቃ ቤት ላይ የሚፈርም ደላላ አይገኝም ትሉኝ ይሆናል። አይገኝም። ገዢውም ቀብዱን ከመክፈሉ በፊት ማወቅ የሚፈልገው ይህንኑ ነው።