የልጅ ዕድል በነገዱ ነው ወይስ በትምህርቱ?



በየመሥሪያ ቤቱ አንድ ሰው ሲቀጠር ወይም ሲሾም «ምን ያውቃል?» ከመባሉ አስቀድሞ «የማን ወገን ነው?» መባል ከጀመረ ሰንብቷል። ጥያቄው ከንቱ ነው ለማለት አልደፍርም። ነገር ግን በባቱ ከተማ የሚታየውን ለተመለከተ ሰው፥ ነገድ የሚባለው ነገር ልጅን የሚጎዳውም ሆነ የሚጠቅመው በአብዛኛው በትምህርት ቤት በር ገብቶ መሆኑ ግልጽ ይሆንለታል።

ባቱ፥ የቀድሞዋ ዝዋይ፥ የብዙ ቋንቋ ከተማ ናት። ኦሮሞው በቀዬው አለ። ከቱሉ ጉዶና ከሌሎቹ የሐይቁ ደሴቶች ወጥተው በዳርቻው የሠፈሩት ዛዮች ከስልጤና ከሐረሪ ጋር የሚዛመድ የራሳቸው ቋንቋ አላቸው። የአበባው እርሻ ከተስፋፋ ወዲህም ከደቡብ፥ ከወላይታና ከከምባታ ጭምር፥ ብዙ ወጣት ለሥራ መጥቷል። አሁን አበባ ቆርጣ የምታድረውን የአንዲት ወላይታ እናት ልጅ እናስብ። በቤቱ ወላይትኛ፥ በገበያው አማርኛ ይሰማል፤ እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ይማራል፤ ከ9ኛ ጀምሮ ደግሞ ሁሉም በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። እናቱ የቤት ሥራውን ልታግዘው አትችልም። ልጁ የወደቀ እንደሆነ ግን «የእነ እገሌ ልጅ ትምህርት አይሆነውም» ይባላል፤ የቋንቋው ችግር የዘር ጠባይ ሆኖ ይቆጠራል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1950ዎቹ አጋማሽ አማርኛ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ በሆነ ጊዜ ከፊደሉ ጋር ቋንቋውንም አብሮ እንዲማር የተፈረደበት የኦሮሞው ልጅ ነበር፤ ሰነፍ የተባለውም እርሱ ነበር። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ይህን ለማረም መውጣቱ ተገቢ ነው እላለሁ፤ የማይስማሙ መኖራቸውንም አውቃለሁ። ይሁንና የታረመው ለብዙው እንጂ ለሁሉ አይደለም፤ የዛይ ልጅ ትናንት በአማርኛ፥ ዛሬ በአፋን ኦሮሞ ይማራል።

የወገን ቋንቋ ብቻውን የሚያሳልፍ ቢሆን ኖሮ ደግሞ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከመላ አገሪቱ ተፈታኝ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 ከመቶ ብቻ ባልሆነ ነበር። በ2016ም ቢሆን 5.4 ከመቶ ነው። በዚህ ውድድር እንግሊዝኛን ከሙአለ ሕፃናት ጀምሮ በክፍያ ያገኘ ልጅ ቀድሞ ይነሣል። ከፋዮቹም እኛው ደመወዝተኞች ነን። ስለ ነገድ አድልዎ አብዝተን የምናወራውም እኛው መሆናችን ያስገርማል።

በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1954 ጥቁርና ነጭ ልጆችን ለያይቶ ማስተማርን ከልክሏል። ነገር ግን ትምህርት ቤት በሰፈር፥ ሰፈርም በገቢ ስለሚለያይ ልዩነቱ በሌላ በኩል ገባ። በእኛ ዘንድ የቆዳ ቀለም አይለየንም፤ የሚለየን ቋንቋና የወላጅ ኪስ ነው።

ከገበሬው ጋር የሚነጋገር የወረዳ ጸሐፊ አፋን ኦሮሞ ማወቅ አለበት፤ በዚህ ክርክር የለኝም። ቋንቋው እንዲህ የሚያስፈልግ ከሆነ ግን መጤው ልጅ በጊዜ እንዲማረው ማድረግ ይገባል። እርሻዎቹ ለሠራተኞቻቸው ልጆች ክፍል ቢሰጡ፥ የከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤትም የልጆቹን ቋንቋና አፋን ኦሮሞን አጣምሮ የሚያውቅ መምህር ቢመድብ፥ 1ኛ ክፍል ከመግባታቸው በፊት ባለው ክረምት ሊጀመር ይችላል።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከባቱ