የሰውነታችን ዘበኞችና የእኛ ድርሻ

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ በክፍላችን ውስጥ የሆነ ነገር ነው። ባለፈው ዓመት አንዲት የክፍል ጓደኛችን ከጆሮዋ ዝቅ ብሎ አንገቷ ላይ እብጠት ወጣባት። በመጀመሪያ በሻሽ ትሸፍነው ነበር። ኋላ ግን «ነቀርሳ ነው» ተብሎ ተወራ። በአንድ ዴስክ አብረናት እንቀመጥ የነበርን ሁለት ልጆችም ቦታ ቀየርን። ከሁለቱ አንዱ እኔ ነበርሁ። ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ። ያን ያደረግሁት ባለማወቅ ስለ ነበረ፣ ከዚያ ወዲህ ጠይቄና አንብቤ የተረዳሁትን ለጓደኞቼና ለወላጆቻችን ላካፍል ወደድሁ።

ሰውነታችን አጥር እንዳለው ግቢ ነው። አጥሩ ቆዳችን ነው። አጥሩን አልፎ የሚገባውን ጀርም የሚጠብቁት ዘበኞች ደግሞ ነጭ የደም ሕዋሳት ይባላሉ። ኢልያ መችኒኮፍ የተባለው የሩስያ ሊቅ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1882 ዓ.ም. በሲሲሊ ደሴት በመሲና ከተማ ሳለ፣ ሰውነቱ እንደ መስተዋት የሚያሳየውን የባሕር ኮከብ እጭ በጽጌረዳ እሾህ ወጋው። በማግሥቱ በአጉሊ መነጽር ቢመለከት ጥቃቅን ሕዋሳት እሾሁን ከበው አገኘ። ባዕድ ነገርን ከበው የሚውጡ ሕዋሳት እንዳሉ ያስረዳውም ይህ ሰው ነው። ስለ ሥራውም በ1908 ከጀርመናዊው ከጳውል ኤርሊክ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። የሚያስደንቀው ነገር ሮበርት ኮክ የነቀርሳን ጀርም ማግኘቱን በበርሊን ያስታወቀው በዚያው በ1882 መሆኑ ነው። ጠላቱና ዘበኛው በአንድ ዓመት ታወቁ ለማለት ይቻላል።

ዘበኛው ጠላቱን በምን ያውቀዋል? የጀርሞች ልባስ በእኛ ሰውነት ውስጥ ከማይገኙ ነገሮች የተሠራ ነው። በዘበኛው ሕዋስ ገጽ ላይም እነዚህን ነገሮች የሚለዩ ተቀባዮች አሉ። ማክሮፋጅ የተባለው ትልቁ ዘበኛ እንግዳውን በነካ ጊዜ ገላውን እንደ ሁለት ክንድ ዘርግቶ ያቅፈውና ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ጀርሙ በትንሽ ከረጢት ውስጥ ይታሰራል። ከዚያ አሲድና የሚያሟሙ ቅመሞች ያሉበት ሌላ ከረጢት መጥቶ ከዚህኛው ጋር ይቀላቀላል። ብዙዎቹ ጀርሞች በዚህ ዓይነት ይፈጫሉ።

የነቀርሳ ጀርም ግን ብልህ ጠላት ነው። መዋጡን አይፈራም። ከተዋጠ በኋላ ሁለቱ ከረጢቶች እንዳይቀላቀሉ ያግድና በዘበኛው ሆድ ውስጥ ቤት ሠርቶ ይቀመጣል። በዚህ ጊዜ ሌሎች ሕዋሳት የጀርሙን ቍራሽ ይዘው ወደ ንፍፊት ይሄዳሉ። ንፍፊት በአንገት፣ በብብትና በብሽሽት የሚገኝ የሰውነት ምሽግ ነው። በዚያ ያሉት ቲ ሴሎች የተባሉት ወታደሮች ቍራሹን አይተው ይነሣሉ፣ ይባዛሉም። ኢንተርፌሮን ጋማ የተባለ ንጥረ ነገር ልከውም የማክሮፋጁን ጉልበት ያጠነክሩለታል። ሁሉም በአንድነት ጀርሙን ከበው ያፍኑታል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው ከዓለም ሕዝብ አንድ አራተኛ የሚሆነው የነቀርሳ ጀርም የገባበት ሲሆን፣ ከእነዚህ መካከል በዕድሜያቸው የሚታመሙት ከመቶ 5 እስከ 10 የሚሆኑት ብቻ ናቸው። ይህ የዘበኞቻችን ሥራ ነው። ኤች አይ ቪ ቲ ሴሎችን በሚያጠፋበት ሰውነት ላይ ግን ነቀርሳ ይበረታል።

አንዳንድ ጊዜ ጦርነቱ በንፍፊቱ ውስጥ ይጸናና አንገት ያብጣል። የጓደኛችን ሕመም ይህ ነበር። ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። በኢትዮጵያ ከነቀርሳ ሕሙማን መካከል በሽታው ከሳንባ ውጭ የሚገኝባቸው ብዙዎች ናቸው። በከተማችን በቡታጅራ የንፍፊት ነቀርሳ እንዴት እንደሚመረመር የሚያስረዳ ጥናትም በአውሮፓ አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም. በውጭ አገር የሕክምና መጽሔት ታትሟል። በዚሁ ጥናት በአዲስ አበባ በ1970 የተቋቋመው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ሰዎች ተካፍለውበታል። ሊቃውንት የአካባቢያችንን ሕመም ሲያጠኑ እኛ የአካባቢው ልጆች ስለ እርሱ አለማወቃችን አያሳፍርምን?

በእኔ አስተያየት ሦስት ስሕተቶች ሊታረሙ ይገባል።

መጀመሪያው በሽተኛውን መሸሽ ነው። ነቀርሳው በንፍፊት ብቻ ያለ እንደ ሆነ በትንፋሽ ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም። በትንፋሽ የሚተላለፈው የሳንባና የጉሮሮ ነቀርሳ ነው። እርሱም ቢሆን መድኃኒቱ በሚገባ ሲወሰድ የማስተላለፍ ኃይሉ ይደክማል። ስለዚህ እኔ ከጓደኛዬ ዴስክ መነሣቴ ማንንም ከምንም አላዳነም። አሳዘናት እንጂ።

ሁለተኛው እብጠቱን በጋለ ብረት መተኮስ ወይም በምላጭ መብጣት ነው። ወላጆቻችን ይህን የሚያደርጉት ለልጃቸው ደግ አስበው እንደ ሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን እሳቱ የሚያቃጥለው ቆዳውን ነው። በማክሮፋጁ ውስጥ የተሸሸገውን ጀርም አያገኘውም። ቍስሉ ሌላ በር ከፍቶ ለሌላ ጀርም መግቢያ ይሆናል።

ሦስተኛው መድኃኒቱን ሳይጨርሱ መተው ነው። ሕክምናው በመደበኛው 6 ወር ይፈጃል። በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት አራት ዓይነት መድኃኒት፣ በቀሩት 4 ወራት ሁለት ዓይነት ይወሰዳል። በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች የሚሰጠውም ያለ ክፍያ ነው። ጓደኛችን መድኃኒቱን በጀመረች በሁለተኛው ወር እብጠቱ ጨመረ። እናቷ «መድኃኒቱ አልተስማማትም» ብለው ሊያስተዉዋት ነበር። ነገር ግን ነርሷ እንዳስረዷቸው፣ አንዳንድ ጊዜ እብጠቱ የሚጨምረው ጀርሙ ሲሞት ዘበኞቹ በብዛት ስለሚመጡ ነው። ይህን ሐኪም አይቶ ይለየዋል እንጂ ቤት ውስጥ ተፈርዶ መድኃኒት አይቆረጥም። ሳይጨርስ የሚተው ሰው የቀሩትን ጠንካራ ጀርሞች ያሳድጋል። እነዚያም ለመድኃኒት የማይበገሩ ይሆናሉ።

አንዳንድ ሰዎች «ሰውነት ራሱ ዘበኛ ካለው ለምን ሐኪም ቤት እንመላለሳለን?» ይሉ ይሆናል። መልሴ አጭር ነው። ዘበኛው ጠላቱን ይዞታል፤ ነገር ግን ሊገድለው አልቻለም። መሣሪያውን የምናቀብለው እኛ ነን። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ያሉት ይህንኑ ነው። እብጠቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ሳልም ቢሆን ሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ሻሹን ፈትቶ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል። መምህራኖቻችንም ስለ ነጭ የደም ሕዋሳት ሲያስተምሩን ይህን የአንገት እብጠት ምሳሌ ቢያደርጉልን፣ ትምህርቱ ከፈተና አልፎ ወደየቤታችን ይገባ ነበር።

ጓደኛችን ስድስቱን ወር ጨርሳ ድናለች። እኔም ይቅርታ ጠይቄ ወደ ቀድሞው ቦታዬ ተመለስሁ። እርሷም ምንም ሳትናገር ደብተሯን ሰብስባ ቦታ ለቀቀችልኝ። እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ በመጪው ዓመት ከመካከላችን አንዱ አንገቱን በሻሽ ሸፍኖ ቢመጣ፣ በሰውነቱ ውስጥ ያሉት ዘበኞች ሳይሸሹ እየተዋጉለት መሆናቸውን አስበን፣ እኛም ከዴስኩ ሳንነሣ አብረነው ጤና ጣቢያ እንሂድ።